ጋሪ የምትጎትት ውሻ ይዞ በሰመር ለእርዳታ መውጣት

ለእናቴ የውሻዬን የዳማን ፎቶ የላክሁላት ቀን ወዲያው ደወለችልኝ። «ውሻ ደግሞ ጋሪ ይጎትታል እንዴ?» አለችኝ። ቢሾፍቱ ላደገ ሰው ጋሪ ማለት ፈረስ ነው። እኔም ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ላይ ትልቅ ጥቁር ውሻ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ላይ የወተት ጣሳ ጭኖ ሲመጣ እስካይ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። የጣሳው ክዳን ላይ ቀዳዳ አለ። ልጆች ሳንቲምና የአንድ ዶላር ኖት እየከተቱ ውሻውን ይዳብሱታል። የሚሰበሰበው ለአካባቢው የምግብ ባንክ ነበር። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ዛሬ ዳማ 5 ዓመቷ ነው። በርኒዝ ማውንቴን ዶግ ናት፣ 41 ኪሎ ትመዝናለች። ዳማ ያልኳት ቅንድቧና እግሯ ላይ ባለው ዳማ ቀለም ነው። ሦስት ሰመር አብረን ወጥተናል። «እኔም ውሻዬን ጋሪ አስጎትቼ የበዓል ሰልፍ (ፓሬድ) ልወጣ ነው፣ ምን ላድርግ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ሁሉንም ከመዘርዘሬ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። መጎተቱ ቀላሉ ነው። የሚከብደው መጠበቁ ነው። ሰልፍ ላይ ውሻ የሚጎዳው ጋሪው ከብዶት ሳይሆን ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ፀሐይ ላይ አስፋልት ላይ ስለሚቆም ነው።

የትኛው ውሻ ይሆናል

በስዊዘርላንድ በርን አካባቢ ገበሬዎች ወተታቸውን ወደ አይብ ቤት የሚወስዱት በነዳማ አያቶች ነበር። ግሬተር ስዊስ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ሴንት በርናርድ፣ ሮትዋይለርም የመጎተት ታሪክ አላቸው። የእነዚህ ዘር መሆን ግን ብቻውን አይበቃም። ጎረቤቴ ያለው ኒውፋውንድላንድ ተራራ የሚያክል ነው፣ ነገር ግን የቆሻሻ መኪና ሲያልፍ ሶፋ ሥር ይገባል። እሱ ቤቱ ይቀመጥ። ድምፅና ግርግር የሚያስጨንቀውን ውሻ «ይለምደዋል» ብሎ ሰው መሃል ማውጣት ግፍ ነው።

ዕድሜው 2 ዓመት ሳይሞላ ክብደት አታስጎትቱት። ትልልቅ ዘሮች አጥንታቸው ቶሎ አይጠናም፣ የአጥንቱ ጫፍ ያለው የማደጊያ ክፍል ሳይዘጋ ጭነት ከመጣ የዕድሜ ልክ አንካሳ ልታደርጉት ትችላላችሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ዳሌውንና ክርኑን ራጅ ያንሳው፣ ልቡንም ያዳምጥ። አሜሪካ ያላችሁ ራጁን ኦኤፍኤ ወደሚባለው ድርጅት ልካችሁ ደረጃ ማሰጠት ትችላላችሁ፣ እነሱም የዳሌውን የመጨረሻ ውጤት የሚሰጡት ከ24 ወር በኋላ ነው። በሌላ በኩል በርኒዝ ዕድሜው አጭር ነው። ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚባለው፣ ካንሰርም ይበዛበታል። ስለዚህ የምትሠሩባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። ይሄ እንድትቸኩሉ ሳይሆን እያንዳንዷን መውጫ በጥንቃቄ እንድትመርጡ ነው።

ሃርነስና ጋሪ

ጋሪን በአንገት ማሰሪያ ማስጎተት የለም። በፍጹም። የመጎተቻ ሃርነስ፣ ማለትም ውሻው ሰውነት ላይ የሚታሰረው ጠፍር፣ ደረት ላይ ያርፋል፣ ጉሮሮንም ትከሻንም አይጫንም። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ደረት ላይ አግድም የሚያልፍ ሰፊ ጠፍር ያለው ነው። ሁለተኛው እንደ ዋይ ፊደል ሆኖ በፊት እግሮች መሃል ይወርዳል። አግድሙን ከመረጣችሁ ጠፍሩ ውሻው ሲራመድ ትከሻውን እንዳያግደው ከፍታው በደንብ ይታይ፣ ጋሪው ላይ ደግሞ መሃሉ ላይ ብቻ የታሰረ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ አግዳሚ እንጨት ያስፈልጋል፤ ይሄ እንጨት ከሌለ ውሻው በተራመደ ቁጥር ጠፍሩ ትከሻው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተፋተገ ፀጉሩን ይልጠዋል። ዳማን በመጀመሪያው ወር እንዲህ አድርጌ አቁስያታለሁ። ከግራ ብብቷ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቀላች ቦታ አገኘሁ፣ ሁለት ሳምንት አሳረፍኳት።

ሰዎች የሚረሱት ማቆሚያውን ነው። ቁልቁለት ላይ ጋሪው ከኋላ መጥቶ እግሯን እንዳይመታት የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፣ በቂጧ በኩል የሚዞር ጠፍር ወይም ዘንጎቹን ከጀርባዋ ማሰሪያ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ማቆሚያ። ጋሪ አንድ ጊዜ ከኋላ የመታት ውሻ ለሁለተኛ ጊዜ ዘንግ መሃል አልገባም ብትል ትክክል ናት።

ባለ ሁለት ጎማ ከሆነ ሚዛኑን ጠብቁ። ጭነቱ ወደፊት ካዘነበለ ዘንጉ ጀርባዋን ይጫናል፣ ወደ ኋላ ካዘነበለ ሽቅብ ያነሳታል። ልኩ ሲገኝ ዘንጉን በሁለት ጣት ማንሳት ትችላላችሁ። ባለ አራት ጎማው ጀርባዋን አይጫንም፣ ቆማ ስትጠብቅም ይመቻታል፣ ለሰልፍ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ግን ለመታጠፍ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጎማዎቹን በዘይት አለስልሱ፣ የሚንጫረር ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጆሮዋ ሥር መስማት የለባትም።

ጌጡን አታብዙ። ባንዲራ ከጎማው ይራቅ፣ ሪባን ጎማ ውስጥ ገብቶ ሲጠመጠም አይቻለሁ። ፊኛ አይታሰር፣ ይፈነዳል። ውሻዋን ልብስ ማልበስ በሰመር የለም፣ የራሷ ካፖርት ይበቃታል። ደግሞ «ሙቀት ነው» ብላችሁ ፀጉሯን እንዳትላጩት፣ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ ሲላጭ ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ሲያድግም እንደ ነበረው ላይመለስ ይችላል። ማበጠሪያ ነው የሚያስፈልጋት። የረገፈው የውስጥ ፀጉር ሲወጣ አየር ይገባታል።

ማሠልጠን

መጀመሪያ ሃርነሱን ብቻ አልብሷት። አልብሷት፣ ምግቧን ስጧት፣ አውልቁ። ለሳምንት ያህል በቃ ይሄው ነው። ቀጥሎ ባዶ የሁለት ሊትር ጠርሙስ በገመድ አስራችሁ እናንተ ከጎኗ ጎትቱት፣ ድምፁን ትስማው። ከዚያ እሷ ትጎትተው። ቀጥሎ ትንሽ ጣውላ። ጣውላው አስፋልት ላይ ሲፋተግ የሚያወጣው ድምፅ ከጋሪው ይብሳል፣ እሱን ከለመደች ጋሪው ምንም አይመስላትም።

ዘንግ ግራና ቀኝ ሲነካት እንዳትደነግጥ እኔ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦ ነበር የተጠቀምኩት። ባለቤቴ አንዱን፣ እኔ አንዱን ይዘን ሠፈሩን ዞርን። ቱቦዎቹን ቀስ እያልን አስነካናት። ጋሪው የገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም መጀመሪያ ሰው ከኋላ እየገፋላት። እኛ ጋ ይሄ ሁሉ አራት ወር ፈጀ። በሁለት ሳምንት ያስጨረሰም ሰው አውቃለሁ፣ ውሻው የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ጋሪውን ይዞ አጥር ላይ ወጣ።

የሚያስፈልጓት ቃላት ጥቂት ናቸው። ሂጂ፣ ቁሚ፣ ቀስ፣ ጠብቂ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ኋላ። «ወደ ኋላ» ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ውሻ በተፈጥሮው ጋሪ ወደ ኋላ መግፋት አይገባውም። ግን ሕዝብ መሃል ጠባብ ቦታ ስትገቡ መውጫችሁ እሱ ነው፣ አትለፉት። ዳማን ያሠለጠንኳት በአማርኛ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ ሰልፍ ላይ ልጆች ሁሉ በእንግሊዝኛ «ቁጭ በይ! ነይ!» እያሉ ይጮሁባታል፣ እሷ ግን ዞራም አታይ። የእኛ ሰው የሚበዛባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን አንዲት እናት ከዳር ሆና ልጇን «ነይ!» ብላ ስትጠራ ዳማ ከነጋሪዋ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ከዚያ ወዲህ በጋሪ ሥራ ላይ «ነይ» አልልም፣ በቦታው «ወደኔ» አስገብቻለሁ። የእኛ ሰው በሚበዛበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ትእዛዛችሁን አስቡበት።

ዝግጁ መሆኗን ራሳችሁ ከምትፈርዱ ሌላ ሰው ይፍረድ። የበርኒዝ ማውንቴን ዶግ ክለብ ኦፍ አሜሪካ፣ የኒውፋውንድላንድ ክለብ ኦፍ አሜሪካና የግሬተር ስዊሱም ክለብ የጉተታ ፈተና ያዘጋጃሉ። ፈተናው ውስጥ መታጠፍ፣ ጠባብ ቦታ ማለፍ፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ቀስ ማለት፣ ግርግር ችሎ ማለፍ፣ ከሌሎች ውሾች ጋር ተኝቶ መጠበቅ፣ ከዚያም ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ አለ። ሰርተፊኬቱ ግድ አይደለም። ግን ሰልፍ የሚጠይቀው ከዚህ ምንም የተለየ ስላልሆነ፣ ፈተናው ላይ የወደቃችሁበትን ነገር ሰልፉ ላይ ሕዝብ ፊት ከምታዩት እዚያ ብታዩት ይሻላል። ዕቃ ማሰርና መፍታትን በተመለከተ ሁለት ነገር አትርሱ። ስትፈቱ መጀመሪያ ጋሪው፣ ከዚያ ሃርነሱ። የታሰረች ውሻ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ብቻዋን አትቀርም፣ ጋሪ እንደታሰረባት ከግንድ ወይም ከአጥር ጋር አትታሰርም።

አዘጋጆቹን ምን እንጠይቅ

ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? ሰልፍ ከዳር ሆኖ ሲያዩት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። ውስጡ ስትገቡ ግን ከፊታችሁ የእሳት አደጋ መኪና ሳይረን፣ ከኋላችሁ የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ከነከበሮው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ። መንገዱ ስንት ማይል ነው? ቁልቁለት አለው? የምንጠብቅበት ቦታ ሣር ነው አስፋልት? ጥላ አለው? ከፊታችንና ከኋላችን ማን አለ? መሃል ላይ መውጣት ብንፈልግ በየት እንወጣለን?

ቦታችሁን ለመምረጥ አትፈሩ፣ አብዛኛው አዘጋጅ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ይተባበራል። የሚሻለው ከፈረሶች በፊት መሆን ነው። አንዳንድ ፈረስ ውሻ ጋሪ ሲጎትት ሲያይ ይበረግጋል፣ ውሻውም የፈረስ ፋንድያ ላይ ልቡ ይቀራል። ከሳይረኑና ከጠመንጃ ተኩሱ ቢያንስ አምስት ስድስት ቡድን ራቁ። ከረሜላ የሚወረውሩ ከሆነም እወቁ። ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው፣ ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ደግሞ የባሰ ነው፣ ትንሹም ይጎዳል። ስለዚህ ከፊት ከፊት እየሄደ መሬቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቷን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። የካውንቲ ፌርን የመሰለ የእርሻ ትርኢት ከሆነ ከብቶቹ ያሉበት በረት አካባቢ ውሻ ላያስገቡ ይችላሉ፣ ቀድማችሁ ፈቃድ አውጡ። ብዙ አዘጋጆች የኢንሹራንስ ወረቀትም ይጠይቃሉ። የቤት ኢንሹራንሳችሁ ይሄን ይሸፍን እንደሆነ ደውሉና ጠይቁ፣ ካልሆነ በክለብ ወይም በሚረዳው ድርጅት ሥር መውጣት ይቀላል።

ልጅ ጋሪው ላይ ማስቀመጥ ያምራል፣ ወላጆችም ይለምኗችኋል። እኔ አላስቀምጥም። ውሻዋ አንዴ ብትዘል የሚወድቀው የሰው ልጅ ነው። ጋሪው ላይ ጣሳው ይበቃል።

ሙቀቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ውሻ እንደ እኛ በላብ አይበርድም። ዋናው ማብረጃው ማለክለክ ነው፣ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ደግሞ ማለክለኩም አይሠራም። የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢን ሰመር የምታውቁ ይገባችኋል፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ የሚጣበቅበት አየር ነው። በዚያ ላይ ጥቁር ፀጉር። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት 38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ 41 ሲገባ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መሃላቸው ያለው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው።

አስፋልቱ ደግሞ አለ። አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ የመታው አስፋልት 52 ሊደርስ ይችላል። የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጉና እስከ ሰባት ቁጠሩ። ካልቻላችሁ እሷም አትችልም። ጫማችሁ አያታልላችሁ።

ሁለተኛው ሰመራችን ላይ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ፣ የሐምሌ ሰልፍ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ 10፡00፣ ይጀመራል ተባለ። በ3 ሰዓት ተኩል ደረስን። አንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተደረደርን፣ አንድም ዛፍ የለም። 4 ሰዓት ሆነ። 4 ተኩል ሆነ። አንድ የቆየ መኪና ተበላሽቶ ነው አሉ። ዳማ ተኝታለች፣ ውሃ ሰጥቻታለሁ፣ ደህና ትመስላለች። ከዚያ ምላሷን አየሁት። በፊት ጫፉ ቀጠን ያለ ነበር። አሁን ጫፉ ሰፍቶ እንደ ማንኪያ ሆኗል፣ በጎን ወጥቶ ይንጠለጠላል። ድዷን ስገልጥ ቀልቷል። ስጠራት ዓይኗ ወደኔ መጣ፣ ጭንቅላቷ ግን አልተነሳም። ያኔ ነው የገባኝ። ጋሪውን ፈታሁት፣ እዚያው ተውኩት፣ ወደ አንድ ቤት ሣር ወሰድኳትና ሴትየዋን የአትክልት ቧንቧ ለመንኳት። አንድ ሜትር እንኳ ጋሪ አልጎተተችም። አንድ ሜትር! ሆዷንና ጭኗን ውሃ እያፈሰስኩ፣ ጓደኛዬ በካርቶን እያራገበላት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሳች። ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ ደህና ናት ተባለ። ሰልፉ ያለ እኛ ሄደ፣ ማንም ምንም አላጣም።

ስለዚህ አሁን ደንብ አለኝ፣ ደንቡን ደግሞ ከቤት ሳልወጣ ለአዘጋጁ በጽሑፍ እልካለሁ። በጥላ ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት 75 ከሚሆነው በላይ ከሆነ ዳማ አትጎትትም። አስፋልት ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ አትጠብቅም፣ እስከዚያው ጥላ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ መኪና ውስጥ ሰው አብሯት ይቀመጣል፣ ቡድኑ ሲንቀሳቀስ ነው የምትታሰረው። በፊት ተናግራችሁ ከሆነ ሰው አይቀየምም። እዚያው ላይ ስትወስኑ ግን ሕዝቡ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ፎቶ አንሺው አለ፣ ይሉኝታ ይይዛችኋል። ይሉኝታ ደግሞ ውሻ ይገድላል።

የዲሲን አካባቢ በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። የጁላይ 4 የቀትር ሰልፍ ለበርኒዝም ለኒውፋውንድላንድም አይሆንም። ታኮማ ፓርክ ያለው የነፃነት ቀን ሰልፍ ደስ ይላል፣ እኔ ራሴ እሄዳለሁ፣ ዳማ ግን ቤት ናት። በምትኩ የሜይ መጨረሻ ሜሞሪያል ደይ አለ፣ ሴፕቴምበር ሌበር ደይ አለ፣ የቅዳሜ ጠዋት ገበያዎች አሉ፣ ተራራ ላይ ያሉ ቀዝቃዛ ከተሞች አሉ። የግድ ጁላይ ላይ ቃል ከገባችሁ ጋሪውን እናንተ ጎትቱት። ከምሬ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት ልጆች ጣሳውን ጭነን፣ የዳማን ትልቅ ፎቶ ፊት ለፊት ለጥፈን ጎተትነው፣ «ዳማ ሙቀት ስለሆነ ቤት ናት» የሚል ጽፈንበት። ሰው አጨበጨበልን፣ ጣሳውም ባዶውን አልተመለሰም።

የሙቀት ምት ምልክቱን ሁሉም አብሯችሁ የሚወጣ ሰው ይወቀው፦ የሰፋ ምላስ፣ ወፍራም ምራቅ፣ የቀላ ድድ፣ መንገዳገድ፣ ማስመለስ፣ ስትጠራ አለመስማት። ካያችሁ መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጡ። ውሃ በመላ ሰውነቷ አፍስሱ፣ አራግቡ። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ አታድርጉት። ሳታቀዘቅዙ መኪና ውስጥ ከትቶ መብረር ጊዜ ይፈጃል፣ ያለው ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነው።

ለእንግሊዝ አንባቢዎች አንድ ነገር ላንሳ። እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1839 ለንደን ውስጥ፣ በ1854 ደግሞ በመላ አገሪቱ ውሻን በመንገድ ላይ ጋሪ ማስጎተት በሕግ ተከልክሏል። ሕጉ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰዎች ውሾቻቸውን ከልክ በላይ ይጭኑ ስለነበረ ነው። ስለዚህ እዚያ ስትኖሩ ሜዳ ላይ የሚደረግ ትርኢት ነው የሚመረጠው፣ መንገድ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ።

የዕለቱ ሥራ

ለአንድ ውሻ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውሻዋን ብቻ ይይዛል፣ ገመዷ ሁሌም እጁ ላይ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡንና ሰዎቹን። ሦስተኛው ከፊት ሆኖ መሬቱን ያያል፣ ውሃ ይይዛል፣ ካካዋን ያነሳል። ሁለት ሰው ሆነን ሞክረናል፣ አንድ አያት ስለ ልጅ ልጃቸው ውሻ ሲያጫውቱኝ ዳማ የአንድ ልጅ ሆት ዶግ በላች።

ጠዋት ከመውጣታችሁ ቢያንስ ሦስት ሰዓት በፊት ትንሽ ምግብ ብቻ ስጧት። ደረተ ጥልቅ ትልልቅ ውሾች ጠግበው ሲሠሩ ሆዳቸው ተነፍቶ ሊዞር ይችላል፣ ሲዞር ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ውሃ ግን ጥቂት ጥቂት፣ ሁሌም።

ልጆች ሲመጡ አንድ በአንድ ይምጡ፣ ከጎን ይምጡ፣ ትከሻዋን ይዳብሱ። ፊቷ ላይ መደፋትና አንገቷን ማቀፍ የለም። ልጁ ከፈራ አታስገድዱት፣ በተለይ የእኛ ሰው ልጆች ብዙዎቹ ከውሻ ጋር አላደጉም፣ እናቶቹም ይጨነቃሉ። እኔ «ጣሳው ውስጥ ብቻ ክተት፣ እሷ ዞራም አታይህም» እላለሁ። አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ እንዲህ ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው ዙር ላይ በአንድ ጣቱ ጆሮዋን ነካ። ጣቱን አንስቶ አየው። ከዚያ ተመልሶ በሙሉ እጁ ዳበሳት። ትርኢት ላይ ሃያ ደቂቃ ከቆመች በኋላ ጋሪውን ፍቱላትና ጥላ ውስጥ ትተኛ። ወረፋ የያዘ ሰው ካለ ይጠብቅ።

ገንዘቡ

ለማን እንደምትሰበስቡ ጋሪው ላይ በትልቁ ይጻፍ። ድርጅቱ አሜሪካ ውስጥ 501ሲ3 የሚባለው ከታክስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕውቅና ያለው መሆኑን አይአርኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። በስሙ እንድትሰበስቡ የፈቀደበትን ደብዳቤ ውሰዱ፣ ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ከሕዝብ ገንዘብ የሚለምን ድርጅት እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፣ በራሳችሁ ስም ባልዲ ይዞ መውጣት ጣጣ አለው። ጣሳው ይቆለፍ፣ ቁልፉ ውሻዋን የያዘው ሰው ጋ አይሁን። ሲከፈት ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ወረቀቱ ፎቶ ይነሳ፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይረከብ። ጥሬ ገንዘብ የማይዝ ሰው በዝቷል፣ ስለዚህ የድርጅቱን ኪውአር ኮድ ጣሳው ላይ ለጥፉ። ገንዘቡ ቀጥታ ድርጅቱ ጋ ስለሚገባ እናንተም ትገላገላላችሁ። ለታክስ ወጪያችሁን የምትዘረዝሩ ከሆናችሁ በመኪናችሁ የሄዳችሁበትን ማይል መዝግቡ፣ ለበጎ አድራጎት የተነዳ ማይል በ14 ሴንት ይታሰባል።

ቤት ስትገቡ መዳፎቿን አንድ በአንድ እዩ፣ በጣቶቿ መሃል ጠጠርና የቀለጠ ከረሜላ ይገባል። ብብቷንና ደረቷን በእጃችሁ ዳብሱ፣ ሃርነሱ የነካው ቦታ ሞቆ ወይም እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት ፀጉሩን ገልጣችሁ እዩት። እራቷን ማለክለኳ ሙሉ በሙሉ ካቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስጧት። በማግሥቱ ሥራ የለም። እኔ አንዲት ደብተር አለችኝ፣ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደጠበቅን፣ ስንት ደቂቃ እንደጎተተች እጽፋለሁ። የሚቀጥለው ግብዣ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የመጠበቂያውን ዓምድ ነው።